ለቁራው የተሰጠ ቃል

ሱላባ ናጋርካር የሰው ስም ትዘጋ ነበር። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ላሳምረው ብልም አያምርልኝም። ፑኔ ከተማ፣ ባኔር ኮረብታ ሥር ባለው መሥሪያ ቤታችን ሰው ሲቀጠር የመግቢያ ስሙን የምትከፍትለት እሷ፣ ሲለቅ የምትዘጋበትም እሷ ናት። እኛ የምንጠብቀው የሰው ሕመም ነው። ከብዙ አገር ሆስፒታሎች ይላክልናል፤ የማን ደም ምን እንደተገኘበት፣ የማን ጽንስ እንደወረደ፣ ማን ከሚስቱ ደብቆ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ። መረጃው ግን በእኛ ሕንፃ ውስጥ የለም። ክላውድ በሚሉት፣ ማናችንም በዐይናችን ባላየነው የኪራይ ማሽን ላይ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ዘበኛም አጥርም አይረባውም። አጥሩ የመግቢያ ስም ነው፤ ስምህ ካለ ከየትም ሆነህ ትገባለህ፣ ከሌለ ደጅ ትቀራለህ።

ሕጉ አጭር ነው። ለሰው ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ቁልፍ አይሰጥም፤ ሰው በለቀቀ ዕለት ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስሙ ይዘጋል። ሌላው መሥሪያ ቤት ይህን ሕግ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ ሱላባ ግን ትኖረው ነበር። የሚለቀውን ሰው አጠገቧ ታስቀምጠዋለች፣ መዳፉ ላይ ቁራጭ የሸንኮራ ስኳር ጣል ታደርግለታለች፣ "ይህ አፍህ ውስጥ ሟሙቶ ሳያልቅ እጨርሳለሁ" ትለዋለች። ከዚያ ዐይኑ እያየ ስሙ ይዘጋል። የገዛ እህቷ ልጅ የለቀቀ ዕለት "አክስቴ፣ ፎቶዎቼን እንኳ ላውጣ!" ብሎ ሲማጠናት፣ "ፎቶህን ትናንት ብታወጣ ማን ከለከለህ?" ብላ ስኳሩን አጎረሰችው። ወጣቶቹ ከኋላዋ "የያማ ጸሐፊ" ይሏታል። ያማ የእኛ የሞት አምላክ ነው፤ ነፍስ ሊወስድ ሲመጣ ጸሐፊው ቀድሞ ስምህን ያያል። ፊት ለፊቷ ሲሆኑ ግን ሁሉም የሚሏት "ታኢ" ነው፣ ታላቅ እህት እንደማለት። በስሟ የምጠራት እኔ ብቻ ነኝ፤ አብረን ነው የሸበትነው።

እሷን የማይፈራ አንድ ሰው ነበር። ማንዳር ጆግሌካር ይባላል፤ በእሷና በእኔ መሃል የሚቀመጥ፣ ሥራውን ያስተማረችው፣ ሳቁ ከደረጃው ሥር የሚሰማ ጎረምሳ። አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት ከእናቱ ጋር ናራያን ፔት በሚባለው አሮጌ ሰፈር ይኖር ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ ሰነፍ ነበር፤ ግን ስንፍናው ራሱ ብልሃተኛ ነው። እሱ ገላውን እስኪታጠብ ኮምፒዩተሩ ብቻውን እንዲነሣና በሩን እንዲያንኳኳለት አድርጎ ነበር ያዘጋጀው። በር ስል የመሥሪያ ቤቱን መግቢያ ማለቴ ነው፤ ከቤትም እንሠራ ስለነበር።

አንድ የዝናም ቀን ሰው ስትዘጋ አይቶ እንዲህ አላት፦

"ታኢ፣ እኔ ስሞት በዚያው ቀን እንዳይዘጉኝ አደራ። ትንሽ አብሬያችሁ ልቀመጥ።"

"አንተ መጀመሪያ የይለፍ ቃልህን ቀይር፣ ጊዜው አልፎበታል" አለችው ቀና ሳትል። "ሞቱ ይደርሳል።"

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ፣ የይለፍ ቃሉንም ቀየረ። በዚያው ሳምንት ከሥራ ሲወጣ ዝናቡ ያላላው አንድ ትልቅ የዋርካ ዛፍ በሞተር ብስክሌቱ ላይ ወደቀ።

ሱላባ አላለቀሰችም። ሬሳው ፊት ቆማ "እኔ ነኝ ይደርሳል ያልኩት" ስትል የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሞኝ አትሁኚ ብዬ ተቆጣኋት። ሰው እንዲህ ሲል መቆጣት እንጂ ሌላ አላውቅም።

በሞተ በዐሥረኛው ቀን ሁላችንም ወንዙ ዳር ሄድን። አለቃችን ዲጌ እንኳ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከኋላ ቆሞ ነበር። ለሟች የሚቀርበው የሩዝ ድቡልቡል ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ እኛም ወደኋላ አልን። ቁራ መጥቶ ከነካው ሟች ረክቶ ሄዷል፤ ካልነካው የቀረው ነገር አለ ማለት ነው፣ ያኔ ዘመድ አንድ በአንድ እየወጣ የሚቀረውን ነገር ቃል ይገባለታል። በሌላ ቀን የዚያ ወንዝ ቁራ ሩዝ ከእጅ ይነጥቃል። ያን ዕለት ግን ግንቡ ላይ ተደርድረው ሩዙን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

እናቱ ቫትሳላ ወጡ። "ልጄ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን በየቀኑ እውጣለሁ" አሉ። ቁራ የለም። አጎቱ ወጣ፦ "እናትህን ብቻቸውን አንተዋቸውም፤ ቤቱንም ለግንበኞች አንሸጥም።" አንድ ቁራ ወደ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ወረደ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ አየን፣ አልተንቀሳቀሰም። ዝናቡ ጀመረ። ከኋላችን የሌላ ሟች ቤተሰብ ተራ ይጠብቃል። ሥርዓቱን የሚያስፈጽሙት ካህን እጃቸውን እያሻሹ "ሥራ ቦታ የቀረው ነገር ይኖር ይሆን?" ሲሉ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

ሱላባ እርጥብ ሳሪዋን ሰብስባ ወደ ድንጋዩ ሄደች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

"ማንዳር፣ ስምህን አልዘጋም። እጄ አይነካውም። የፈለግኸውን ያህል አብረኸን ተቀመጥ።"

ቁራው ወረደ። ከሩዙ አፍ ሙሉ ነጥቆ ወንዙን ተሻገረ። እናቱ ያን ጊዜ ነው ጮኸው ያለቀሱት። እኔ የምህንድስና ዲግሪ አለኝ፣ ቁራ ቁራ ነው እላለሁ፤ ያን ዕለት ግን የተደገፍኩት የማላውቀውን ሰው ትከሻ ነበር።

ቢሮ ተመልሳ ያደረገችውን አየሁ። የማንዳርን ቁልፎች አንድ በአንድ ወሰደችበት። የሕሙማኑ መረጃ፣ ደብዳቤው፣ የሥራው ክፍል ሁሉ ተነሣ። የቀረው የመግቢያው በር ብቻ ነው፤ ቢገባ የሚቀመጠው ባዶ ክፍል ውስጥ ነው። "ይህ ማንንም አይጎዳም" አለችኝ ሳልጠይቃት። ሕጉ ግን ባዶ ክፍልም አያውቅ፣ ቁራም አያውቅ። የሄደ ሰው ስም ይዘጋል፣ አለቀ። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ፑኔ ውስጥ አልነበረም።

"ሱላባ፣ ሕጉስ?" ስላት፣

"ሕጉ የሚለው 'የለቀቀ' ነው። ማንዳር መቼ ለቀቀ?" አለችኝ።

ሰውን ስኳር እያጎረሰች ስትዘጋ የኖረች ሴት እንዲህ ብላ ስትመልስ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ።

ዝናሙ አለፈ፣ ዲዋሊ የሚባለው የመብራት በዓላችን ሰሞን መጣ። አንድ ጠዋት ሱላባ ከስክሪኗ ፊት እንደ ድንጋይ ደርቃ አገኘኋት። ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚታይበት ገጽ ተከፍቷል። ከስሞቹ መሃል አንዱ ጎን አረንጓዴ ነጥብ በርቷል። "ማንዳር ጆግሌካር፣ ገብቷል" ይላል።

ወንበሩን አየሁት፤ ባዶ ነው። ስሙ ጥቂት ቆየ፤ ምንም አልከፈተም፣ ምንም አልነካም። ከዚያ ነጥቡ ጠፋ።

በማግሥቱም መጣ። ከዚያም ወዲያ በየጠዋቱ። ይገባል፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ትንሽ ይቀመጣል፣ ይወጣል። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ቢታይ መጀመሪያ የምትጮኸው ሱላባ ነበረች፤ ሌባ ነው ብላ በሩን ሁሉ ታዘጋ ነበር። አሁን ግን ዝም አለች። ከሁላችን ቀድማ መምጣት ጀመረች። ዐይኗ ጎደጎደ፣ አምባሯ ከእጇ እየወለቀ መውደቅ ጀመረ። አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሜ አረንጓዴው ነጥብ ሲበራ በቀስታ "መጣህ?" ስትል ሰማኋት። እኔ ሙት አልፈራም፤ የሚያስፈራኝ ሕያው ሰው ከሙት ጋር ሲያወራ ነው። ሻይዬን ጥዬላት ወጣሁ።

ወሬው አልተደበቀም። ሻይ የሚያቀርበው ሰው በማንዳር ወንበር አጠገብ ማለፍ ትቶ በዙሪያው ይዞር ጀመር። መስኮቱ ላይ ቁራ ባረፈ ቁጥር የቁልፍ ሰሌዳዎቹ ሁሉ ጸጥ ይላሉ። ይህ ሁሉ ሰው ኮሌጅ የበጠሰ ነው፤ ማንን ልሳደብ?

ከዚያ ኦዲተሩ የሚመጡበት ጊዜ ደረሰ። በየዓመቱ የውጭ ሰው መጥቶ ሕጉን መጠበቃችንን ይመረምራል፤ ካለፍን ሰርተፊኬት ይሰጠናል፣ ካላለፍን ሆስፒታሎቹ ይሄዳሉ፣ እነሱ ከሄዱ እኛም እንሄዳለን። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከሥራ የወጡት ሰዎች ስም ተዘግቷል ወይ?

ዲጌ ክፍላችን ድረስ መጣ። የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ልጅ ነው፣ ከእኛ በዕድሜ ያንሳል፣ ክፉ ሰው አይደለም።

"ሱላባ ታኢ፣ ያን ስም ዛሬ ይዝጉት።"

"ቃል ገብቻለሁ" አለች።

"ለማን? ለቁራ?"

"እርስዎም ቆመው ነበር፣ ሰምተዋል።"

ዲጌ ፊቱ ቀላ። ወደ አንዱ ወጣት ዞረ። "ቴጃስ፣ አንተ ዝጋው። አንድ ቁልፍ መንካት ነው።"

"ኧረ ሳሂብ፣ እናቴ ከሰማች ቤት አታስገባኝም።"

"ጊሪሽ፣ አንተስ?"

ጊሪሽ እኔ ነኝ። "ቁራው እኔንም አይቶኛል፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ" አልኩ።

"እናንተ መሐንዲሶች ናችሁ ወይስ ባልቴቶች!"

"እንግዲያው ይኸው፣ እርስዎ ይንኩት" አልኩና የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እሱ ገፋሁለት።

ዲጌ ሰሌዳውን አየው። እጁን ዘረጋ፣ ጣቱ አየር ላይ ቆመ፣ ከዚያ ያልጮኸ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈ። በሩ ጋ ደርሶ ዞረና "በረጅም ፈቃድ ላይ ነው በሏቸው፤ በቃ!" ብሎ ሄደ። ሳቅ ያፈነን ሰዎች ነበርን፤ ሱላባን ሳይ ግን ሳቄን ተውኩት።

ሦስት መንገድ ነበራት፣ ሦስቱም ገደል። ስሙን ብትዘጋ ለሙት የገባችውን ቃል ትበላለች፣ በእሷ አፍ የሞተውን ልጅ በእሷ እጅ ደግሞ ታባርረዋለች፤ እንዲህ ነበር የምታስበው። በፈቃድ ላይ ነው ብትል ዕድሜዋን ሙሉ ያልዋሸችውን ትዋሻለች። እንዲሁ ብትተወው የእኛን ሁሉ እንጀራ ታስዘጋለች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ እዚህ ግን የተወለደውም ጠፍቷል።

ያኔ ንዴቴ ገነፈለ። "ሱላባ፣ ሙት የይለፍ ቃል አይጽፍም። አንድ ሰው በልጁ ስም እየገባ ነው፣ ሌባ ቢሆንስ?"

"ሌባ ከሆነ እዘጋዋለሁ" አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "እሱ ከሆነስ?"

"ለመግባት እኮ ስልኩ ላይ 'አዎ' መባል አለበት። ስልኩ የት ነው?" አልኳት።

"ናራያን ፔት ነው፣ እቤቱ" አለች። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገጹ ላይ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልሄድሽም?"

"ሄጄ ማንን እንደማገኝ ስለማላውቅ።"

ይህን ያለችው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ የምሳ ዕቃዋን እየዘጋች።

እሑድ ጠዋት አብረን ሄድን። ቤቱ የድሮ የእንጨት ቤት ነው፣ ደረጃው ይንጫጫል፣ ግቢው መሃል ያለችው የበሶብላ ተክል ገና ውኃ ጠጥታ ትንጠባጠባለች። ቫትሳላ በሩን ከፈቱ። ከስተዋል፣ ግን ፀጉራቸው በሥርዓት ተጎንጉኗል።

"ካኩ፣ ደኅና አደሩ?" አለች ሱላባ። ካኩ የአጎት ሚስት ነው፤ እኛ ግን የሰው እናት ሁሉ እንዲያ እንላለን።

"ግቡ ግቡ፣ ቁርስ አልበላችሁም መቼም። ቆዩኝማ፣ መጀመሪያ ለእሱ ላብራለት።"

የማንዳር ፎቶ የአበባ ጉንጉን ለብሶ መደርደሪያው ላይ ቆሟል፤ ከአጠገቡ በዲዋሊ የገባች ትንሽ የኤሌክትሪክ መብራት አለች። እሳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ተጫኑ። መብራቷ በራች። በዚያው ቅጽበት ከጥጉ አንድ ነገር እፍፍ ብሎ ተነፈሰ። እኔ ዘልዬ በሩን ያዝኩ።

የማንዳር ኮምፒዩተር ነው። መብራቷና ኮምፒዩተሩ አንድ ማብሪያ ላይ ናቸው። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ተነሣ፣ እንደተማረው በጌታው ስም በራችንን ሊያንኳኳ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ከፎቶው ሥር የተቀመጠው ስልክ ተንቀጠቀጠ። ቫትሳላ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኩን አንሥተው በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ፣ ከዚያ በአመልካች ጣታቸው ቀስ ብለው አንድ ጊዜ ነኩት። ስልኩን ግንባራቸው አስነክተው መለሱት።

ሱላባ የቆመችበት ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። "ካኩ፣ ምን አሉት?"

"አዎ አልኩታ።"

"በየቀኑ?"

"እንዴ፣ በየቀኑ ይጠይቀኛል እኮ። 'ለመግባት እየሞከርክ ያለኸው አንተ ነህ?' ይላል። ድሮም ከመታጠቢያ ቤት ሆኖ 'እማዬ፣ አዎ በይው፣ ረፈደብኝ!' ይለኝ ነበር። ታዲያ አሁን ምን ልበለው? አይደለም ልበለው?"

እኔ መሐንዲስነቴ ትዝ አለኝና ሶኬቱን ልነቅል አጎነበስኩ።

"አንተ ልጅ! መብራቱን እንዳትነካ!" አሉኝ። እኔ የሽበት ባለቤት፣ እጄን ሰብስቤ ቆምኩ።

"ማንን ጎዳ?" አሉ ሱላባን። "ጠዋት ጠዋት ልጅሽ ነው ወይ እባላለሁ፣ አዎ እላለሁ። ይኼ ማንን ጎዳ?"

"እስካሁን ማንንም። ግን ካኩ፣ ከዚያ በር ወዲያ የታመሙ ሰዎች አሉ። እርስዎን የሚያህሉ እናቶች ለሐኪም ብቻ የነገሩት ነገር አለ። እነሱን ጠብቆ የሚያቆየው ስም ብቻ ነው። ዛሬ በእሱ ስም አዎ የሚሉት እርስዎ ነዎት። ይህ ስልክ ነገ ገበያ ላይ ቢሰረቅስ? አዎ የሚለው ሌባው ነው፤ የሚገባውም ማንዳር ተብሎ ነው።"

"በልጄ ስም ሌባ?" አሉ ቫትሳላ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ።

ሱላባ ቀጠለች። ከዚህ በኋላ ያለውን ስትናገር ፎቶውን ማየት አልቻለችም። "ከ'አዎ' ጎን ሌላ ቁልፍ አለ። 'እኔ አይደለሁም' ይላል። እሱን ከነኩት ስሙ በራሱ ይዘጋል። እኔ ምንም አልነካም፣ ቃሌም አይፈርስም።"

"ከዚያስ ይጠይቀኛል?"

"አይጠይቅም።"

"ንኪው ነው የምትይኝ?"

ውሸት ብትፈልግ እዚያ ነበር ቦታው፤ አንድ ጣፋጭ ቃል ብትናገር አሮጊቷ እሺ ይሏት ነበር። "አልልዎትም" አለች። "ሐሙስ ኦዲተሩ ይመጣሉ። እኔ ያለውን እውነት እነግራቸዋለሁ፣ የመጣው ይምጣ። ሁለቱንም ቁልፍ እንዲያውቁት ብቻ ነው የመጣሁት።"

ቁርሱን በላን። ስንወጣ ቫትሳላ በሩን ከፍተው ቆመው፣ ደረጃውን እስክንጨርስ ያዩን ነበር።

ኦዲተሩ ባትሊዋላ የሚባሉ፣ ፓርሲ የሚሉት ሃይማኖት ተከታይ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ማልደው የሚመጡ፣ ብስኩታቸውን ከቤታቸው የሚያመጡ፣ ቀልድ እያወሩ ኪስህን የሚበረብሩ ዓይነት ሰው። ሐሙስ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ሱላባ ተነሥታ ሁሉንም ነገረቻቸው። የልጁን ቀልድ፣ የእሷን መልስ፣ ዛፉን፣ ቁራውን፣ የእናቱን ጣት። ዲጌ በሩ ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን ይዞ ነበር።

ባትሊዋላ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኛ ሙታናችንን ለአሞራ ነበር የምንሰጠው፣ ታውቂያለሽ" አሏት። "አሞራው ከአገሩ ካለቀ ቆየ። አባቴን ያስቀመጥን ጊዜ ሰማዩን ሳይ ዋልኩ፣ አንድም አልመጣ። ስለዚህ ወፍ መጠበቅ ምን እንደሆነ ይገባኛል።" ከዚያ መነጽሩን መለሱት። "ግን እጽፈዋለሁ።"

"ይጻፉት" አለች ሱላባ።

"በአንቺ ስም ነው የሚጻፈው። እስከ ዛሬ አንድም ጥፋት ጽፌብሽ አላውቅም።"

"ይጻፉት አልኩ እኮ።"

"እሺ። አሁን አሳዪኝ።"

ገጹን ከፈተች። ሦስታችን ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ወጣቶቹ ከኋላችን ተሰበሰቡ። ቫትሳላ መብራቱን የሚያበሩበት ሰዓት ነው። ስሙ ብቅ አለ፦ "ማንዳር ጆግሌካር፣ መልስ በመጠበቅ ላይ።" በሌላ ቀን ወዲያው ነበር አረንጓዴ የሚሆነው። ዛሬ ቆየ። መነጽራቸውን እያደረጉ ይሆናል አልኩ በልቤ። ገና ቆየ። በዐይኔ ያቺ ጣት ትታየኝ ነበር፣ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ስትሄድና ስትመለስ። ሱላባ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አጥብቃ ይዛቸዋለች።

ነጥቡ ቀላ።

"ባለቤቱ 'እኔ አይደለሁም' ብሏል። ስሙ ተዘግቷል።"

ከኋላ አንዱ ወጣት አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ። ሱላባ መሳቢያዋን ከፈተች፣ አንድ ቁራጭ የሸንኮራ ስኳር አወጣች፣ ባዶውን ወንበር አየችው፣ ከዚያ ስኳሩን መዳፏ ላይ እንደያዘች ቀረች። የምታጎርሰው ሰው አልነበረም። ሲለጣጠፍባትም አላራገፈችውም። እኔ ሳለቅስ ሰው አይቶኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ሁሉም አየኝ፣ ይዩኝ።

ሰርተፊኬቱ መጣ። የሱላባ ጥፋትም ተጽፎ አብሮ መጣ፤ ዲጌ ሊያባርራት ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። እሷ ግን የሚያስጨንቃት ይህ አልነበረም። ቃሏ ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም? እጇ አልነካውም፤ ግን የነካችውን ጣት መንገድ ያሳየቻት እሷ ናት። ቁራውን ማን ይጠይቀዋል።

በማግሥቱ ጠዋት እሷ ቀድማ ገብታ ነበር፤ እኔ ቦርሳዬን ሳወርድ ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ነበርና ሁላችንም ሰማን።

"ሱላባ፣ ዛሬ አልጠየቀኝም።"

ሱላባ ዐይኗን ጨፈነች።

"መብራቱን አብርቼ ስልኩን ይዤ ቁጭ ብያለሁ" አሉ ቫትሳላ። "አልጠየቀኝም። አሁን ማን ይጠይቀኛል?"

ሱላባ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

"ካኩ፣ እርስዎ ነዎት?"

"ምን አልሽ?"

"እርስዎ ነዎት ወይ ብዬ እየጠየቅሁ ነው።"

ያች የተሰበረች ድምፅ ከወዲያ በኩል መጣች። "አዎ። እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወዲህ ሱላባ ኮምፒዩተሯን ከማብራቷ በፊት በየጠዋቱ ትደውላለች። ያችኑ ትጠይቃለች፣ ያችኑ ይመልሱላታል፣ ስልኩ ይዘጋል። አንዳንድ ጠዋት ስልኩ ሲጠራ ይቆያል፣ አይነሣም። ያኔ ቴጃስ ሻዩን ያስቀምጣል፣ ዲጌም ከበሩ አያልፍም፣ እኔም ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣለሁ። አሮጊቷ አዎ እስኪሉ ድረስ ከእኛ መሃል ማንም አይገባም።